የእናቴ ተቀያሪ ተጫዋች

እናቴ ቅርጫት ኳስ ማየት የጀመረችው ተጫዋቾቹ የራባቸው ስለመሰላት ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ግድግዳው ከወረቀት ትንሽ የሚወፍር አፓርትመንት ተከራይተን ስንኖር፣ እናቴ አንድ ኮሌጅ ካፌቴሪያ ውስጥ ምግብ ታወጣ ነበር። ነጭ ቆብ ደፍታ፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ ከመስታወቱ ኋላ ትቆማለች፤ ተማሪው ሳህኑን ሲዘረጋ በጭልፋ ልክ ታደርግለታለች። ልኩን የሚወስነው አለቃዋ ነው። አለቃዋ ዞር ሲል ግን ልኩን የምትወስነው እሷ ናት።

የኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የሚመጡት ከልምምድ በኋላ፣ ምግቡ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነበር። በእናቴ አነጋገር ቁመታቸው ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ሆዳቸው ግን ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። እኔ በኋላ ሳያቸው አንዳንዳቸው በር የሚያህሉ፣ ደረታቸው የሰፋ ጎረምሶች ነበሩ። እሷ ግን የሰውን ቁመት የምትተረጉመው በረሃብ ነው። "ሰው እንዲህ የሚመዘዘው ጠግቦ ይመስልሻል?" ትለኛለች።

ከመካከላቸው አንዱን ለይታ ያዘች። ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ ቤታችን ውስጥ "ከሲታው" ነበር። ከሲታው ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ልብሱ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስል ዓይናፋር ልጅ ነው። ሌሎቹ ሳህናቸውን ሲያዩ እሱ ዓይኗን አይቶ "አመሰግናለሁ፣ እመቤቴ" ይላታል። በዚህች በአንዲት ቃል የተነሳ የሁለት ሰው ዶሮ ይወስድ ጀመር። በሁዳዴ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ፣ የሱን ሳህን በሥጋ ስትከምር ትውላለች። "ይሄ ኃጢአት አይሆንም?" ስላት "እኔ ነኝ እንዴ የምበላው?" ብላ ዘጋችኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሐል ቆመች።

"ልጆቼ በቴሌቪዥን ሊወጡ ነው!" አለች።

አባቴ ደንግጦ እኔን አየኝ። እናቴ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚጋጠሙበት ትልቅ የቅርጫት ኳስ ውድድር አለ። አገሩ በሙሉ ሥራ ይፈታል። የናቴ ኮሌጅ እዚያ ውድድር ውስጥ የገባው እንዴት እንደሆነ ራሱ ኮሌጁም የገባው አይመስለኝም፤ ብቻ ገባ። ደንቡን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፤ እዚህ አገር ኮሌጅ ስማር ትንሽ ትንሽ ለምጄው ነበር። "አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል" አልኳቸው። እናቴ አልተዋጠላትም። "አንዴ ብቻ? እነዚህ እኮ ልጆች ናቸው! ሁለተኛ አይሞከርላቸውም?" አለች።

ቴሌቪዥኑ የአባቴ ግዛት ነው። አባቴ አርሊንግተን ውስጥ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ይቆጣጠራል፤ ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ ከዜና ሌላ አያይም። "ቁምጣ የለበሰ ሰው ሲራወጥ ለማየት አይደለም ኬብል የምከፍለው" ብሎ ነበር ጨዋታው ሲጀመር። አጋማሹ ላይ ከወንበሩ ጫፍ ደርሷል። መጨረሻው ላይ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ ከማያ ገጹ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ዳኛውን እየተሳደበ ነበር። ሰው እንዲህ በአንድ ከሰዓት ሲለወጥ አይቼ አላውቅም።

አንድ ችግር ነበር። ከሲታው አይጫወትም። ተቀያሪ ነው፤ ያውም የተቀያሪዎቹ መጨረሻ፣ ወንበሩ ጥግ ላይ፣ ከውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ የሚቀመጥ። እኛ ደግሞ የምናየው እሱን ነው። ሌላው ዓለም ኳሷን ይከተላል፣ የእኛ ቤት ወንበሩን ይጠብቃል። ካሜራው ድንገት በዚያ በኩል ካለፈ እናቴ "ያው! ያው! ከሳ!" ብላ ትጮኻለች፤ አባቴ "የታለ? የታለ?" እያለ መነጽሩን ይፈልጋል፤ እስኪያገኘው ካሜራው ሄዷል። በዚህ መሐል ቡድናችን እየመራ ይሁን እየተመራ የሚያውቅ ሰው የለም።

አሠልጣኙን እናቴ እንደ ደመኛዋ ነበር የምትጠላው። "ባለከረባቱ" ነው የምትለው። "አየኸው ይሄን ባለከረባት! ልጄን ዘፍዝፎ ያስቀረዋል! ከረባትህ ይነቅህ!" ትላለች። ወዲያው ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት "ይቅር በለኝ ጌታዬ" ብላ ታማትባለች። ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ያው ነው። ለዚያ ሰው ከረባት የዚያን ዓመት ሁዳዴ ስንት ጊዜ እንደተማተበች እግዜር ይወቀው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ የኛዎቹ ማንም ሳይጠብቅ አሸነፉ፤ በሰፊ ልዩነት። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ባለከረባቱ ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደ ጥጉ ዞረና ጣቱን አወዛወዘ። ከሲታው ተነሳ። ቱታውን ለማውለቅ ሲጣደፍ እግሩ ተጠላልፎ ሊወድቅ ነበር። ገባ፣ ኳሷን አንዴ ተቀበለ፣ ትኩስ ድንች የያዘ ይመስል ወዲያው ለጓደኛው ወረወራት፣ ጨዋታው አለቀ። በቃ ይኸው ነው። እኛ ቤት ግን ሠርግ ሆነ። አባቴ "ነካት! ነካት!" እያለ ሳሎኑን ዞረ። እናቴም እልልታዋን ለቀቀችው።

ስለ እናቴ እልልታ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሠርገኛ በሙሉ ያውቀዋል። ሙሽራ ሲገባ "እሷ የታለች?" ተብላ ነው የምትፈለገው። ምላሷ እንደ ምን እንደሚርገበገብ እንጃ፤ ጉሮሮዋ ትንፋሽ የሚያልቅበት አይመስልም። ያን ቀን ከታች ያለው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ቢደበድብም አላቆማትም። አባቴ ስልክ አንስቶ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ደወለ። "ልጁ ገባ!" ነው የሚለው፤ የምን ልጅ፣ የት እንደገባ አይናገርም። ሁለት ሰዎች የመኖሪያ ወረቀት አገኘ ብለው "እንኳን ደስ ያላችሁ" አሉን።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ የራሴ ጣጣ ነበረኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው እወድ ነበር። ሳላጋንን፣ በጣም እወደው ነበር። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ መኪናውን ያቆመበትን ሁልጊዜ የሚረሳ ሰው ነው። ያን ሰሞን ሲያትል ጥሩ ሥራ አገኘ፤ በግንቦት መጨረሻ መጀመር አለበት። ከፋሲካ በኋላ ወዲያው ተጋብተን አብረን እንድንሄድ ተስማማን። ያ ካልሆነ እሱ ቀድሞ ሄዶ እኔ ልከተል ነው። "ቀድሜሽ ልሂድና ትመጫለሽ" የተባሉ ሴቶች አውቃለሁ። አንዷ የጥርስ ሐኪም ቤት አብራኝ ትሠራ ነበር፤ ትመጫለሽ ከተባለች ዓመታት አልፈዋል፣ አሁንም ስልክ በጠራ ቁጥር ቀድማ የምታነሳው እሷ ናት። እኔ እንደሷ መሆን አልፈልግም ነበር። ፈርቼ ነበር።

ስለዚህ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ይህን ስነግረው አባቴ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የመኪና ቁልፍ ሲወረወርለት የሚውል ሰው ነው። ስሙን አስተካክለው የሚጠሩት ሰዎች ከእኛ ቤት ውጪ የሉም። አሁን ግን ፀጉራቸው የሸበተ ሦስት ሰዎች፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ፊቱ ቆመው፣ እጅ ነሥተው ሊለምኑት ነው። ጸጉሩን ተቆረጠ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ጉሮሮውን እየጠረገ ሲለማመድ ሰማሁት።

"መቼም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም" አለ እራት ላይ። "አንዴ መጥተው ይመለሳሉ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ይመጣሉ። ሰኔ ላይ ሦስተኛ ሲመጡ እናያለን።"

"ሰኔ?" አልኩ። "አባዬ፣ በሰኔ እኮ እሱ ሲያትል ነው!"

"እህቴን ሲጠይቁ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ልጄ ከእህቴ ታንሳለች?"

"አንሳለሁ" አልኩት። "በጣም ነው የማንሰው። ለኔ አንዴ ይበቃል።"

"አንቺ ዝም በይ። የምትጠየቂው አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ።"

እናቴ እንጀራዋን መቁረስ ቀጠለች። አኮረፍኳት። ለኳስ ተጫዋች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የምትጮህ ሴት፣ ለኔ አንዲት ቃል አጣች ብዬ ውስጤ አረረ።

ቀኑ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ፤ ከቅዳሴ መልስ። ቀጠሮው ከተያዘ በኋላ የኛዎቹ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጨዋታ በጭንቅ አሸነፉና ጉድ ፈላ፤ አራተኛው ጨዋታ እሑድ ሆነ። ያውም ዘጠኝ ሰዓት። እናቴ ይህን ስትሰማ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

"ሽማግሌዎቹን ለሰኞ ብናደርጋቸውስ?" አለች።

"ሽማግሌ በኳስ ይመለሳል?" አለ አባቴ። "ምን ይሉናል? የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?"

ተከራከሩ፣ ተኳረፉ፣ በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደረሱ። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ነጭ የዳንቴል ልብስ ተደርጎበት የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል። እናቴ መኝታ ቤት ሆና ትንሿን ቴሌቪዥን ታያለች፤ ድምፅ ግን ጭራሽ አይከፈትም። "ትንፍሽ እንዳትዪ" አላት። "እሺ" አለች። እኔ ኩሽና ሆኜ ምግቡን እጠብቃለሁ። ከሳሎኑ የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዓይኔ ባያይም ጆሮዬ ሁሉን ይሰማል።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከሜሪላንድ ሲመጡ ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ዘግይተው ደረሱ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። ትልቁ ከዊተን የመጡ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ቃላቸውን እየመዘኑ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የእጮኛዬ አጎት ናቸው። ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ቆመው የዋሉ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ገና ከመግባታቸው ሆዳቸው ሲጮህ ኩሽና ድረስ ተሰማኝ። ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ ደግሞ አይቀመጡም፣ አይቀምሱም። እኔ ያዘጋጀሁት ምስር ወጥና ጎመን እየሸተታቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

"አረፍ በሉ እንጂ" አለ አባቴ፣ እንደማያርፉ እያወቀ።

"የለም፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ትልቁ።

"ኧረ ግድ የላችሁም፣ ቁጭ በሉ።"

"ቆመን እንለምናለን።"

አባቴ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ድምፁ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ጠየቃቸው፤ የልጁ አባት ማን ይባላሉ፣ አያቱስ፣ የአያቱ አባትስ፣ በእናቱ በኩልስ። ሰባት ቤት ድረስ ወረዱ፤ ምንም ዝምድና አልተገኘም። ያም አልበቃውም፣ ተመልሶ ከሥር ጀመረ። አጎትየው እግራቸውን አቀያየሩ። የቀጭኑ ሰውዬ ሆድ እንደገና ጮኸ። እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህኖቹን ይዤ አባቴን በልቤ ስረግም ነበር፤ በጾም፣ በሰንበት፣ ያለ ምንም ማማተብ።

"ሥራውስ?" አለ አባቴ።

"ሥራውማ ጥሩ ነው። ሲያትል ነው የሚጀምረው" አሉ አጎትየው።

"ሲያትል" አለ አባቴ። ድምፁ ወረደ። "በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?"

ስንት ሰዓት እንደሆነ እኔ ነግሬው ነበር። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰኔ የሚለው ለክብሩ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጁን አገሩ ዳርቻ ድረስ ሊወስዷት ነው፤ እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም፤ የሚችለው ማዘግየት ብቻ ነው። አዘንኩለት። ግን ሰኔ ሰኔ ነው፣ ፍርሃቴም አልቀነሰም።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። መስታወት ፊት የተለማመደው ንግግር መጣ። "እንግዲህ አባቶቼ፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ዘመድ ሳይመክርበት አይሆንምና፣ ፋሲካ ይለፍና፣ ከዚያም በኋላ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ በሰኔ ገደማ—"

"እልልልልልልልልል!"

ከመኝታ ቤት ነው የመጣው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። የያዝኩት ሳህን ከእጄ አምልጦ ጎመኑ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሽማግሌ ባለበት ቤት ከጓዳ እልልታ ሲሰማ ትርጉሙ አንድ ነው፤ የልጅቷ እናት ፈቅዳለች፣ ነገሩ አልቋል። "ተመስገን!" አሉ ትልቁ። "እናት መለሰች!" ሦስቱም እኩል ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ቀጭኑ ሰውዬ ከሁሉም ቀደሙ።

"ቆይ፣ ቆይ—" አለ አባቴ።

ማን ይስማው። ትልቁ ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት ጀምረዋል። የተጀመረ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም፤ አሜን ነው የሚባለው። "ጋብቻቸውን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው!" "አሜን" አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ። "ወልደው ለመሳም ያብቃቸው!" "አሜን..." "የሄዱበት አገር ይቅናቸው!" እዚህ ጋ ሲደርስ የአባቴ አሜን እንደ ማልቀስ ነበር። ከጓዳ ደግሞ እልልታው ሁለተኛ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ፣ እልል እያለች ሳሎን ገባች። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች። በቃ፣ ተዳርኩ።

አባቴ እንደ ምንም ብሎ ኩሽና ድረስ ይዟት መጣ። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚናገረው።

"ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ አንቺ ሴት?"

"ከሲታው ገባ!" አለች እናቴ። ዓይኗ ያበራል። "ባለከረባቱ አስገባው! ከዚያ ከሩቅ፣ ከመስመሩ ውጪ ሆኖ ወረወረና አስቆጠረ! አመለጠኝ፣ ምን ላድርግ? ዝም ልበል ብዬ አፌን ይዤ ነበር፣ አመለጠኝ።"

አባቴ ፊት ላይ ንዴትና ሌላ ነገር ሲታገሉ አየሁ።

"ከመስመሩ ውጪ?" አለ።

"ከመስመሩ ውጪ።"

"ሦስት ነጥብ ነዋ!"

"ሦስት ነው እንጂ!"

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። ራሱን ነቀነቀ፣ ከረባቱን አስተካከለ፣ ወደ ሳሎን ተመለሰና "በሉ እጃችሁን ታጠቡ" አላቸው። የተሰማኝን ደስታ ለመናገር ዛሬም ቃል ያጥረኛል። ባዶ ማሰሮ ታቅፌ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ሳህኑን ከጎመኑ ውስጥ አወጣሁ።

ያን ቀን የቀረውን ጨዋታ ያየ ሰው እኛ ቤት አልነበረም፤ እንግዳ ነበረን፣ ስልኩም አላረፈም። የኛዎቹ ተሸንፈው ከውድድሩ እንደወጡ በማግስቱ ከሥራ ቦታ ሰማን። አባቴ ስለዚያች ሦስት ነጥብ ሊያነብ የጋዜጣውን የስፖርት ገጽ ቢፈልግ እናቴ ሽንኩርት ልጣበት አገኘው። "ምን ያደርጋል" አለ፣ "ጋዜጣ የትንሽ ሰው ስም አይጽፍም።"

ከዚያ በኋላ ግን ያችን ኳስ አልተዋትም። ለመጣ ለሄደው ይናገራል፤ "እኔማ ልመልሳቸው ነበር፣ ከሲታው ነው ልጄን የዳራት!" መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁልፍ ለሚወረውሩለት ሰዎች ሳይቀር ተናግሯል። በመጨረሻም "ያ ልጅ ሠርጉ ላይ ካልመጣ ሠርግ የለም" አለ። እናቴ አልወደደችውም። ፈተና ላይ ነው አለች፤ አገሩ ሄዷል አለች፤ ልጁ ሰው ይፈራል አለች። አባቴ አልሰማትም፤ የሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ መጥሪያውን በኪሱ ይዞ፣ ካፌቴሪያው በር ላይ ቆሞ በእጁ ሰጠው።

ፋሲካ አለፈና ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጋባን። ከሲታው መጣ። እጅጌው ክንዱ ላይ የቀረ ኮት ለብሶ፣ በሩ ላይ አንገቱን ሰብሮ ሲገባ አዳራሹ በሙሉ ዞረ። አባቴ ወገቡን አቅፎ፣ ከወገቡ በላይ ስለማይደርስ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እያዞረ አስተዋወቀው። "ያ የነገርኳችሁ! ከመስመሩ ውጪ!" ይላል። ሰው ተነስቶ ያጨበጭባል። ልጁ የተጨነቀ ፈገግታ እየፈገገ ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

በመጨረሻ እኔና ባለቤቴ ወደተቀመጥንበት አመጣው። "ፎቶ! ፎቶ!" ብሎ ፎቶ አንሺውን ሊጎትት ሄደ። ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል። ከሲታው ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር በእንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፤

"ይቅርታ አድርጊልኝ። አባትሽ ስለ አንድ ኳስ ደጋግመው ያመሰግኑኛል። እኔ እኮ ያን ቀን ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጨዋታው ገና ከጅምሩ ነው የተበላሸብን፤ ያጨበጨበልንም ሰው አልነበረም። ልንገራቸው?"

ቀና ስል እናቴ ቆማለች። የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ በግራ እጇ ሳህን ይዛ። ከሲታውን ስታየው እንደነበር ገባኝ፤ ምን እንዳለኝም ገባት። መኝታ ቤት ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ፣ ልጆቿ ሲሸነፉ እያየች፣ ጆሮዋ ግን ከግድግዳው ወዲህ ነበር። እልል ያለችው ሰኔ ሲባል ሰምታ ነው።

"ልጄ፣ ከሳህ" አለችው በአማርኛ። ከነዕንቁላሉ የጠቀለለችውን ግዙፍ ጉርሻ ወደ ላይ ዘርግታ አፉ ውስጥ ከተተችው። ሳይውጥ ሌላ ደገመችው። አባቴ ፎቶ አንሺውን እየጎተተ ሲደርስ ልጁ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "አየሽው!" አለኝ አባቴ፣ ልቡ ተነክቶ። "እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነው፣ ስለራሱ አንዲት ቃል አይወጣውም!"

እናቴን አየኋት። ልናገር፣ ላመስግን፣ ላቅፋት፣ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እሷ ግን ሦስተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለች ነበር።

"አንቺም አፍሽን ክፈቺ" አለችኝ።

ከፈትኩ።